ሆዴ በዕብራይስጥ

ስሜቴን በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ቃል፣ ለሚመለከተው ሰው መግለጽ የጀመርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው አኮርፍ ነበር።

ኩርፊያን የምትንቁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ኩርፊያን አታውቁትም ማለት ነው። ወግ ያለው ኩርፊያ ጩኸት የለውም፤ በር አይወረውርም፤ ሰላምታም አያቋርጥም። «ደህና አደርክ?» ሲሉህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለህ፤ ነገር ግን የቤቱ ግድግዳ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አድርገህ ነው የምትለው። የቀረበልህን ትበላለህ፤ ጨው አነሰው አትልም። ጨው ማነሱን አለመናገር ከባድ መሣሪያ ነው። አባቴ በዚህ ጥበብ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ጎንደር ገጠር ሳለን አንድ ጎረቤቱን አኩርፎ፣ ጎረቤትየው መኮረፉን ሳያውቅ አብረው ሱዳን ገቡ፣ አብረው ኢየሩሳሌም ገቡ፣ ከዚያም አባቴ በገዛ ፈቃዱ ይቅር አለው። ሰውየው ይቅር መባሉንም አላወቀም።

ዕብራይስጥ ለዚህ ሁሉ ያለው ቃል «ብሮገዝ» ነው። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አሻንጉሊት የተቀማ ልጅ የሚለው ቃል። እንግዲህ ወደዚህ አገር ስንገባ ምን ያህል ሀብት ጉምሩክ ላይ እንደ ቀረ አስቡት።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ከዚህ ሳይገባችሁ አይቀርም። ኑሮዬ ሰነድ መተርጎም ነው፤ ቢሮዬም ኢየሩሳሌም ካለው ከኢትዮጵያ መንገድ ብዙ አይርቅም። በትርፍ ሰዓቴ በአማርኛ እጽፋለሁ። አንባቢዎቼ ፊደሉን አሁንም የሚያነቡት ናቸው፤ ቁጥራቸው ሰው በተቀበረ ቁጥር ስለሚቀንስ ለቅሶ ቤት ስገባ ሁለት ሐዘን አለብኝ።

በጣም የተወደደልኝ ጽሑፍ ስለ ሐኪሞች የጻፍኩት ነበር። ልጃቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ክሊኒክ ሄደው «አንጀቴ አረረ» ይላሉ። አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ታቀብላለች። ሐኪሙ ደንግጦ በጉሮሯቸው ካሜራ ይሰድዳል። ካሜራው ሐዘን አላገኘም። በዚህ ጽሑፍ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። እባካችሁ ይህን ጽሑፍ አትርሱት፤ እኔ ረስቼው ነው ጉድ የሆንኩት።

ሁለተኛው የተወደደልኝ ደግሞ ስለ «ሰድና» ነው። ሰድና ማለት ወንበር በክብ ተደርድሮ፣ አንዲት ወጣት ሴት ከአባቷ ለሚበልጡ ሰዎች እንዴት መናደድ እንዳለባቸው የምታስተምርበት ስብሰባ ነው። ርዕሱን «ምን ይሰማዎታል?» አልኩትና ጥርሴን አሾልኩበት። ችግሩ፣ ልጄ ሺራ በዚያው ሰሞን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆና ቂርያት መናሔም ባለው የሰፈር ማዕከል እንዲህ ዓይነት ሥራ ጀምራ ነበር። ስሟን አላነሣሁም። እንደ ጨዋ ሰው «አንዲት የምናውቃት ልጅ» ብቻ ብዬ አለፍኩ።

ሺራ አማርኛ አታነብም። የምታውቀው የቤት አማርኛ ነው፤ «ነይ»፣ «ብይ»፣ «በሩን ዝጊው»። ስለዚህ ደህና ነኝ ብዬ ነበር። ስልኳ ግን ይተረጉማል። ስልኩ ፌዙን እዚያው ጥሎ ስድቡን ብቻ አሻገረላት።

ከዚያ በኋላ አርብ ማታ ለሰንበት ራት መምጣቷን ተወች። አልተጣላችንም፤ ሥራ ስለበዛባት ነው። ባለቤቴ ያልጋነሽ ግን በየሳምንቱ የሺራን ሳህን ከፊት ለፊቴ ታስቀምጣለች። ምንም አትለኝም። ጨው ማነሱን አለመናገር ከኔ ነው የተማረችው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ የኢትዮጵያውያኑን ገዳም የድንጋይ ግንብ ተደግፌ ከአንድ መነኩሴ ወዳጄ ጋር እከራከራለሁ። እኔ ቤተ እስራኤል፣ እሳቸው ተዋሕዶ፤ የምንስማማበት ነገር ስለሌለ ወዳጅነታችን የጸና ነው። ስልኬ ጮኸ። ጆሮዬ እንደ ድሮው ስላልሆነ ድምፁን ለቅቄ ነው የማነጋግረው።

«አባ» አለ ስልኩ።

«አቤት» አሉ መነኩሴው።

ሺራ ነበረች። «አባ» በዕብራይስጥም በአማርኛም ያው ነው፤ በእኔና በልጄ መካከል አስተርጓሚ የማይፈልግ አንድ ቃል ቢኖር እሱ ነው፤ እሱንም መነኩሴ ቀደመኝ።

«አባ፣ አስተርጓሚዬ ታመመች» አለችኝ በዕብራይስጥ። «ዛሬ የመጀመሪያዬ የአማርኛ ሰድና ነው። ሽማግሌዎቹ መምጣት ጀምረዋል። ሌላ ሰው አላገኘሁም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ረገጥ አድርጋ ነው ያለቻት።

«መጣሁ።»

«ቆይ። ትተረጉማለህ እንጂ አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ አታብራራም። እኔ ‹እኔ› ስል አንተም ‹እኔ› ትላለህ። ‹እሷ እንዲህ አለች› የሚባል ነገር የለም።»

«ልጄ፣ እኔኮ በዚህ ሥራ...»

«አባ።»

«እሺ።»

«ዛሬ ተነሥተው ከሄዱ ዳግመኛ አይመጡም። ቡድኑም ይዘጋል።» ስልኩን ዘጋችው።

መነኩሴው ጢማቸውን እየነካኩ «ሂድ» አሉኝ። «እኛ ጋ ይህ መታዘዝ ይባላል። ማጉረምረም አይፈቀድም።»

ቀላሉን ባቡር ይዤ እስከ ሄርዝል ተራራ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ቂርያት መናሔም። መንገድ ላይ ከራሴ ጋር ተማከርኩ። በአንድ በኩል ልጄ አርብ ማታ ሳህኗ ፊት እንድትቀመጥልኝ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም። በሌላ በኩል እግዚአብሔር በነጻ የሚሰጠኝን የጽሑፍ ርዕስ መግፋት ነውር ነው። ሁለቱንም አስማማለሁ ብዬ ወሰንኩ። ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። እማማ ትርንጎ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ሰባን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ጥቁር የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«ክብ? ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያ ማን ሊፋታ ነው?»

በመጨረሻ ገብተው ተቀመጡ። አጠገባቸው የተቀመጡት አያ ደሴ ነበሩ፤ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው አገጫቸውን ያሳረፉበት፣ አባቴን ከጎንደር የሚያውቁ ረጅም ሽማግሌ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ገብተው ተቀመጡ። ሺራ ፈገግ ብላ ቢጫ ቢጫ ክብ ፊት የተሳለባቸው ካርዶች አደለች፤ አንዱ የሚስቅ፣ አንዱ የሚያለቅስ፣ አንዱ ጥርሱን የነከሰ። የሚመስላችሁን ምረጡ ነው ነገሩ።

አያ ደሴ አገላብጠው አዩት። «ይህ የጉበት በሽታ ነው። አጎቴ ልክ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተ።»

አንድም ሳልጨምር ተረጎምኩ። ሺራ ፊቷ ላይ ምንም ሳይታይ ወደ ትንፋሽ አለፈች። «ስንናደድ፣ ከመናገራችን በፊት በአፍንጫ ቀስ ብለን እናስገባለን፣ በአፍ ቀስ ብለን እናወጣለን። ዓይናችንን ጨፍነን እንሞክረው።»

«እስከ ዛሬ ታዲያ በምን ስተነፍስ ኖርኩ?» አሉ እማማ ትርንጎ። ዓይናቸውንም አልጨፈኑም። «ጨፍኜ ቦርሳዬስ?»

ሌላውም ሰው አልጨፈነም። አሥር ሽማግሌዎች ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ አንዲት ልጅ ስትተነፍስ ይመለከታሉ። ካየኋቸው ትያትሮች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ከዚያ የፈራሁት፣ ማለትም የጓጓሁለት ጥያቄ መጣ። ሺራ ወደ አያ ደሴ ዞራ «አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ምን ዓይነት ስሜት አለዎት?» አለች በዕብራይስጥ። ይህን በደህና አማርኛ መጠየቅ ይቻላል። እችልበትም ነበር። እኔ ግን ፊቴን አኮሳትሬ «አያ ደሴ፣ አሁን ምን ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

አያ ደሴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «በግራ ጆሮዬ ምንም። በቀኙ አውቶቡስ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ሴት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንፈቀፈቁ። ሺራ ብቻ አልሳቀችም። ሳቁን አይታ፣ እኔን አይታ፣ «ምን አለ?» አለችኝ።

«አውቶቡስ ይሰማኛል ነው የሚሉት።»

«እኔ ስለ ጆሮ ነው የጠየቅኩት?»

«ቃሉ በአማርኛ ሁለት ትርጉም...»

«አታብራራ።»

ሁለት ሰዎች ለመሄድ ተነሡ። እማማ ትርንጎ ቦርሳቸውን እንደገና አቀፉ። ሺራ ካርዶቹን አንድ በአንድ ሰብስባ ሳጥናቸው ውስጥ ከተተች። በአፍንጫዋ አስገባች፣ በአፏ አወጣች። ይህ ለማስተማር ያደረገችው አልነበረም፤ ማንም እንዲያያትም አልፈለገችም።

«አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁና ትሄዳላችሁ» አለች። «እናንተን ከመጠየቄ በፊት እኔ ራሴ መናገር ነበረብኝ። ሲከፋኝ እንዴት እንደምናገር ላሳያችሁ።»

ተረጎምኩ። የተነሡት ቆሙ።

«አባቴ በሰው ፊት ሲያሾፍብኝ» አለች፣ «እኔ የሠራሁት ነገር ሁሉ ከንቱ ይመስለኛል።»

የአስተርጓሚ አፍ ከጭንቅላቱ ይቀድማል፤ ሥራው ያንን ነው የሚጠይቀው። «አባቴ በሰው ፊት ሲያሾፍብኝ» አልኩ ጮክ ብዬ በጥሩ አማርኛ፣ «እኔ የሠራሁት ነገር ሁሉ ከንቱ ይመስለኛል።» ከዚያ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት።

አያ ደሴ ተቆጡ። «አባትህ? ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸው በሰው የሚያሾፉ ሰው አልነበሩም! ያኮርፋሉ እንጂ!»

«ኧረ የእሷን አባት ነው፣ አያ ደሴ!» አሉ እማማ ትርንጎ።

«የእሷ አባት ማነው?»

«ይኸው ቆሞ የሚያወራው!»

አሥሩም ፊቶች ወደ እኔ ዞሩ። ቢጫ አልነበሩም፤ ስሜታቸውን ለማወቅ ግን ካርድ አያስፈልግም ነበር።

ሺራ ቀጠለች። «ስለዚህ ቤት መምጣት አልፈልግም።»

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረደኝ። «ስለዚህ ቤት መምጣት አልቻልኩም» ብዬ ተረጎምኩት። ትንሽ ማለስለስ ነው፤ በሙያችን ይደረጋል።

«‹ሎ ሮፃ› አይደል ያለችው?» አሉ እማማ ትርንጎ። «አልፈልግም ነው ያለችው እንጂ አልቻልኩም አላለችም።»

«እማማ፣ ዕብራይስጥ አልችልም ብለው አይደለም እንዴ አስተርጓሚ የተጠራልዎ?»

«እኔ የማልችለው መሥሪያ ቤት ስሄድ ነው። አሁን በደንብ ተርጉም።»

ተረጎምኩ። «ቤት መምጣት አልፈልግም» አልኩ፣ በልጄ ፋንታ፣ ስለ ራሴ ቤት። ይህን ቃል በገዛ አፋችሁ ሳትሉት የሚያምም አይመስላችሁም።

ሺራ አሁን እኔን አታየኝም፤ ሽማግሌዎቹን ነው የምታየው። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ከሁሉም የሚከፋኝ ግን፣ አባቴ እሱ ራሱ ምን እንደሚሰማው ነግሮኝ አያውቅም። አንድም ቀን። ሠራዊት የገባሁ ዕለት እንኳ፣ የጓደኞቼ አባቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ፣ የኔ አባት ሆዱን አመመው።»

እኔም በተራዬ፦ «የጓደኞቼ አባቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ፣ የኔ አባት ሆዱን...» አልኩና ቆምኩ።

«ሆዱን ምን?» አሉ አያ ደሴ።

«ሆዱን አመመው።»

እማማ ትርንጎ በወንበራቸው ላይ ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ መላኩ። ያን ዕለት ልጅቷን ምን ብለህ ነው የሸኘሃት?»

«እማማ፣ እኔ እዚህ አስተርጓሚ ነኝ...»

«ምን አልካት?»

«ሆዴ ባባ አልኳት።»

መጀመሪያ ከጥግ አንድ ሰው ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም። አያ ደሴ በትራቸውን ለቅቀው በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እማማ ትርንጎ ብቻ አልሳቁም፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እኔ ግን በሐሳብ ከክፍሉ ወጥቼ ነበር። ያን ዕለት አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆማ አየኋት፣ ትልቅ ቦርሳ አዝላ። «ሺራዬ፣ ሆዴ ባባ» አልኳት። ከደረጃው ወረደች፤ የቦርሳዋን ኪስ በርብራ አንድ ኪኒንና የውሃ ጠርሙስ አውጥታ ሰጠችኝ። እኔም፣ ይኸው፣ አልኩ በልቤ፤ ይህች አገር ልጆቻችንን ያደረገቻቸው እንዲህ ነው፤ እያለቀስኩላት ኪኒን ትሰጠኛለች። ኪኒኑን ዋጥኩት። ኩርፊያዬንም አብሬ ዋጥኩና ስንት ዓመት በውስጤ አቆየሁት።

የዕብራይስጡ ሆድ፣ «ቤተን» የሚሉት፣ ምግብ ብቻ ነው የሚገባበት። አይባባም፣ አይብስም፣ አይሸፍትም። ይህን ከኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቂርያት መናሔም ውስጥ አልነበረም፤ በዚህ ጉዳይ ሐኪሞቹን በአደባባይ ያዋረድኩ ሰው ነኝ። በገዛ ቤቴ ግን የምኖረው እንደዚያች ካሜራ እንደተሰደደባቸው እናት ነበር፤ ሐኪሙም የገዛ ልጄ።

«አባ፣ ምን አሉ? ለምን ይስቃሉ?» አለች ሺራ። ዓይኗ ቀልቷል። በእሷ ላይ የሳቁ መስሏታል። «ተርጉም።»

«እንግዲህ» አልኩ በዕብራይስጥ፣ «የጥንት ሕዝቦች የነፍስ መቀመጫ የት እንደሆነ በሚያስቡበት ጊዜ...»

«አታብራራ፣ አባ። ተርጉም። በ‹እኔ›።»

ሃያ ምናምን ዓመት በሁለት ቋንቋ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የፍቺ ውል፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የኪራይ ክስ ተርጉሜያለሁ። ይህን መተርጎም አቃተኝ። አየሩን በአፍንጫዬ አስገባሁት፤ ማንም እንዳያየኝ ተጠንቅቄ።

«እኔ ያን ቀን ሆዴን አላመመኝም» አልኳት። «ሆዴ ስል ሆዴን ማለቴ አይደለም። ማልቀስ ፈልጌ ነበር። እኛ የምናለቅሰው እዚያ ነው።»

ሺራ አንድ በአንድ ታነሣ ጀመር፣ ቀስ ብላ፣ የቆየ የሕመምተኛ መዝገብ በቃሏ እንደምታነብ።

«ሳቭታ የሞተች ጊዜ?» ሳቭታ የምትላት አያቷን፣ እናቴን ነው።

«ያኔም አላመመኝም።»

«የካሞሚል ሻይ አፍልቼልህ ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«ሄርዝል ተራራ፣ መታሰቢያው ላይ፣ ልጅ ሆኜ?»

እዚያ በየዓመቱ እንሄዳለን። መታሰቢያው በሱዳን መንገድ ላለቁት ወገኖቻችን ነው፤ ታናሽ እህቴም እዚያው ናት የቀረችው። «ሆዴ ተላወሰ» ብዬ ቆሜ ሳለሁ ሺራ እጄን ጎትታ ከቦርሳዋ ብስኩት ሰጥታኝ ነበር። የራሷን ብስኩት። የተራብኩ መስሏት።

«ያኔም» አልኩ።

«ከቤት ወጥቼ ለብቻዬ ስከራይ?»

«ያኔም።»

«ሃምሳ ዓመት ሲሞላህ፣ ልደትህ ላይ?»

«ያን ቀን የእውነት አሞኝ ነበር። የእናትሽ ዓሣ ነው።»

ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ከአፏ ወጣ። «አባ፣ እኔኮ ካንሰር ነው ብዬ ነበር። በስጦታ መልክ የሆድ ምርመራ ቀጠሮ የያዝኩልህ ለምን መሰለህ? አንተ አኮረፍከኝ!»

አዎ፣ አኩርፌያት ነበር። በልደቴ ቀን አንጀቴን በካሜራ ለማስበርበር የተነሣች ልጅ ብዬ። ካሜራውም ምንም አላገኘም። ይህን ቀልድ እኔ ራሴ ጽፌው ነበር።

«ምን ትላለች?» አሉ አያ ደሴ።

«ካንሰር ይዞት ነው ብዬ ነበር ትላለች» አሉ እማማ ትርንጎ። ለሥራ ስላልበቃሁ ቦታዬን ወስደዋል።

ከዚያ ሺራ ያደረገችውን ማንም አላስተማራትም። ፊቷን በእጇ ጠርጋ ወንበሯን ወደ እማማ ትርንጎ አስጠጋች፣ እኔን ሳትጠብቅ፣ በዚያ በተሰባበረ የቤት አማርኛዋ፦ «እማማ፣ ሆድሽ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

ሆድሽ! በአያቷ ዕድሜ ያሉ ሴት! ለማረም አፌን ከፈትኩ፤ አያ ደሴ ጉልበቴን ጨብጠው አስቀሩኝ።

እማማ ትርንጎ ልጅቷን አዩአት። ከዚያ ገብተው ከተቀመጡ ጀምሮ ያቀፉትን ጥቁር ቦርሳ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ሆዴማ ልጄ፣ ብሶታል» አሉ። «ከልጄ ጋር ከተነጋገርን ቆየን።»

የተነሡት ሁለቱ ሰዎች ተመልሰው ተቀመጡ። እማማ ትርንጎ ያሉትን፣ ከእሳቸው በኋላ አያ ደሴ ያሉትን አልነግራችሁም፤ የተነገረው ለእኔ አይደለም፣ እኔ ቱቦ ነበርኩ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሰዓቱ አልፎ፣ የማዕከሉ ጠባቂ ቁልፉን እያቅጨለጨለ ሁለት ጊዜ በሩን ከፍቶ፣ ሁለት ጊዜ ዘጋው። እማማ ትርንጎ ሲወጡ «በሚቀጥለው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው የጠየቁት ሺራን ነው። ለእኔ ያሉኝ «አንተም ብትመጣ አይከፋም፤ ብዙ ይቀርሃል» ነው።

ሺራ ከተማ ጉዳይ ስለነበራት አብረን ወረድን። ባቡሩ ማሃኔ ይሁዳ ሲደርስ ወርዳ ወደ ገበያው የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልወረደችም። ኢትዮጵያ መንገድ ድረስ ተከተለችኝ። ጠባቡ መንገድ ላይ፣ በሁለቱ የድንጋይ ግንቦች መሐል ስንሄድ፦

«ሆዱ ገባኝ» አለች። «ጽሑፉ ግን የሆድ ጉዳይ አይደለም፣ አባ። እሱ አሁንም ያመኛል።»

አፌ ላይ ሦስት ቀልዶች ተሰልፈው ነበር። አንደኛው በጣም ጥሩ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በአፍንጫዬ አስገባሁ፣ በአፌ አወጣሁ፤ ሦስቱም አብረው ወጡ።

«ስጽፈው ቀንቼ ነው» አልኩ።

«በማን?»

«በሽማግሌዎቹ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ምን ይሰማዎታል ልትዪ ነው። እኔን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ቆመች። «ጠይቄህ አላውቅም? አባ፣ ሆዴ ባልክ ቁጥር ተነሥቼ ሻይ ሳፈላ የኖርኩት ምን ሳደርግ መሰለህ?»

ከልጅነቷ ጀምሮ በስሕተት አድራሻ የላክሁትን ሁሉ ተቀብላለች፤ አንዱንም አላሳለፈችም። ብስኩቱም፣ ኪኒኑም፣ ሻዩም፣ ያ የተረገመ ካሜራም መልስ ነበሩ። እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ፤ ማንበብ የማትችለው እሷ ናት ስል የኖርኩት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ከኋላው «ግን» አላስከተልኩም። ምስክር አለኝ፤ መነኩሴው ከገዳሙ በር ላይ ቆመው ሰምተዋል፣ ያን ቀን እንኳ ክርክር አላነሡብኝም።

«አርብ ትመጫለሽ?»

«አላውቅም» አለች፣ እውነቱን። «አስብበታለሁ።» ሄደች።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ አሁን ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። መላኩ ተለወጠ፣ ለሰለሰ፣ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን ያመሰግናል እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ። አልሆነም። እነዚያ ቢጫ ፊቶች አሁንም የጉበት በሽታ ይመስሉኛል። ኩርፊያንም አልካድኩም፤ አጭር አደረግኩት እንጂ፤ አሁን አኮርፋለሁ፣ ከዚያ ማኩረፌን እናገራለሁ፤ ሲነገር ግን ግርማው ሁሉ ይጠፋል፤ አባቴ ቢያየኝ ያኮርፈኝ ነበር። ትንፋሹን በተመለከተ ደግሞ ለመናገር ባፍርም፣ ይሠራል። ባቡር ውስጥ አንድ ሰው ሲገፋኝ አደርገዋለሁ፤ ጋዜጣ ከፍቼ፣ ከኋላው።

እናንተ ግን አንድ ነገር አድርጉልኝ። ቤታችሁ ስትገቡ፣ ለዓመታት «እነዚህ ልጆች ስሜት የላቸውም» ስትሉ የኖራችሁትን ልጆች ቀድማችሁ ጠይቋቸው፦ እኔ ሆዴ ስል አንተ ምን ትሰማለህ? መልሱን ስትሰሙ በመጀመሪያ ትስቃላችሁ። ወንበር ይኑራችሁ።

አርብ ማታ ያልጋነሽ ሳህኑን ከፊት ለፊቴ አስቀመጠች። ሰንበት ገባ። «ጨው አንሶታል» አልኩ። ያልጋነሽ ደንግጣ አየችኝ። በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ሺራ ገባች፣ እናቷን ሳመች፣ ሳህኗ ፊት ተቀመጠች። ከቦርሳዋ አንድ አዲስ የካሞሚል ሻይ ፓኮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አባ» አለችኝ በአማርኛ፣ «ሆድህ እንዴት ነው?»

በዕብራይስጥ መለስኩላት፣ በአጭሩ፦ «እንዳትቀሪ ፈርቼ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ከሰንበት በፊት ፈልቶ ከተቀመጠው ሙቅ ውሃ ቀድታ ሻዩን ጨመረችበትና ወደ እኔ ገፋችው።

«ለማንኛውም» አለች።

ካሞሚል አልወድም። ወድጄውም አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ነገርኳት፤ ከዚያም ጠጣሁት።